ለሊሴ እንዳትተኛ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሶስና ስልኬ ላይ ቴትሪስ ጫነችልኝ። "እማዬ፣ በአንቺ ዘመን የነበረው ጨዋታ እንደ አዲስ ወጥቷል" ብላ ነው። "በአንቺ ዘመን" የምትለው ነገር ቢያበሳጨኝም ስልኩን ተቀበልኳት። ጡቦቹ ቀለም ተቀብተው አምረዋል። አንዱ ጡብ ገና ከላይ ሳለ የት እንደሚያርፍ በጥላ ይታያል፤ ያልወደዱትን ወደ ጎን አስቀምጦ ሌላ ማውረድም ይቻላል። ጭራሽ መሸነፍ የሌለበት ዓይነትም አለው አለችኝ። እንዲህ ከሆነማ ምኑን ጨዋታ ሆነ ብዬ ጀመርኩ። ጡቦቹ እየተቆለሉ ወደ ላይ ሲቀርቡ ግን መዳፌ በላብ ራሰ።

"ጨዋታ እኮ ነው፣ ምን እንዲህ ያስፈራሻል?" ብላ ሳቀችብኝ።

ጨዋታ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። እኔ ግን ይህንን ጨዋታ የሰው ነፍስ ተይዞበት አይቼዋለሁ።

ነቀምቴ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ለሊሴ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። አገሯ ጊዳ አያና ነው፤ ለትምህርት መጥታ ባኬ ጃማ ሰፈር ካለው ቤታችን አንዷን ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ኪራይ ተባለ እንጂ ከማዕዳችን ተለይታ አታውቅም። የእኔ ወላጆች ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ ኦሮምኛቸው የገበያ ነው። የለሊሴ አማርኛ ደግሞ የትምህርት ቤት ነበር። ሁለታችን ስናወራ ሁለቱም ቋንቋ ተቀላቅሎ እናቴ "እናንተስ የራሳችሁን አገር አቁማችኋል" ትለን ነበር።

ቴትሪስ የምንጫወትባትን መጫወቻ ወንድሜ ነው ከአዲስ አበባ ያመጣልኝ። ግራጫ ፕላስቲክ ናት፣ ከመዳፍ ትንሽ የምትበልጥ፣ በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ የምትሠራ። ድንጋዮቹ ሲደክሙ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እናስመታቸዋለን፤ ትንሽ ነፍስ ይዘሩና መልሰው ይሞታሉ። ለሊሴ በጨዋታው ከእኔ ትበልጥ ነበር። ረጅሟን ቀጥ ያለች ጡብ "ሲንቄ" ትላታለች፣ ያገቡ የኦሮሞ ሴቶች በሚይዟት በትር ስም። "ሲንቄ መሀል ከገባች ጠብ የለም" ትልና ቁልሉን ሁሉ በአንዴ ታጠፋዋለች። እኔ በቅናት እበግን ነበር።

አንድ ዓመት መስቀልን አብረን ልናሳልፍ ወደ አገሯ ወሰደችኝ። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ መንገዱ ጭቃ፣ ማሳው ሁሉ በቆሎ ነበር። እናቷ አንጮቴ ቀቅለው፣ ቅቤና በርበሬ አፍስሰውበት፣ "ብይ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ ብይ" እያሉ መተንፈሻ አሳጡኝ። አንጮቴ ላልበላ ሰው ድንች የሚመስል ሥር ነው፤ የበላው ግን ከድንች ጋር አንድ ላይ ሲጠራ ይቆጣል። አባቷ ኦቦ ዲንሳ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። በመጫወቻዋ ስንሻማ አዩንና "ይኼ ነገር ዓይን ይበላል" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ልንመለስ በተነሣንበት ጠዋት ለነቀምቴ ቤተሰብ እሸት እንውሰድ ብለን ማሳ ገባን። ለሊሴ ከፊቴ ነበረች። "እዪዪ!" ስትል እሾህ የወጋት መስሎኝ ሳቅኩ። ከዚያ ሣሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ወፍራም፣ አጭር እፉኝት ነበር። ቁርጭምጭሚቷን ነው የነደፋት።

በዚያ አገር እባብ የነደፈው ሰው አይተኛም። እንቅልፍ ከወሰደው መርዙ ልቡ ላይ ይደርሳል፣ አይነሣም ይባላል። ስለዚህ ያስኬዱታል፤ በቅጠል እየመቱ፣ ውኃ እየረጩ፣ ግራና ቀኝ ይዘው ያመላልሱታል። ጎረቤቱ ግር ብሎ መጣ። ከጉልበቷ በታች በገመድ ጥርቅም አድርገው አሠሯት። ኦቦ ዲንሳ በብብቷ ይዘው ደጁ ላይ ማስኬድ ጀመሩ። እግሯ ገና ከአሁኑ ሊጥ መስሏል፤ በረገጠች ቁጥር ትጮሃለች። ጩኸቷን መስማት አቃተኝ። ሮጬ ከቦርሳዬ መጫወቻዋን አወጣሁ።

"ኦቦ ዲንሳ፣ ይቺን ከያዘች አትተኛም። ተቀምጣም አትተኛም፣ እኔ አውቃታለሁ።"

አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ተቆጡ። "ልጅ ልትሞት ነው፣ አንቺ ጨዋታ ታመጫለሽ? ከተማ ምን አስተማረሽ!"

ኦቦ ዲንሳ መጫወቻዋን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። በቆሎ የጫነ አይሱዙ ወደ ነቀምቴ ሊነሣ እንደሆነ ሰው ነግሯቸው ነበር። "ትያዝ" አሉ። "ጭንቅላቷ ያዘነበለ ዕለት ግን አወርዳታለሁ፤ በእግሯ ትሄዳለች።"

ጋቢና ውስጥ ለሊሴ መሀል፣ አባቷ በሾፌሩ በኩል፣ እኔ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥን። እግሯን ጭኔ ላይ አጋደምኩት። ሾፌሩ ነገሩን ሲሰማ ተስፋ ያጣ መሰለኝ፤ ግን ይነዳል። ለሊሴ ትጫወታለች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ጣቷ ግን አልሳተም። ጡብ በወረደ ቁጥር ያቺ ቀጭን ድምፅ ጢጥ ትላለች፤ ጢጥ ካለች ነቅታለች ማለት ነው። እኔም አባቷም መንገዱን ትተን ጢጥታዋን ብቻ እናዳምጥ ነበር። ድምፁ ትንሽ ከዘገየ ኦቦ ዲንሳ "ለሊሴ!" ይላሉ፤ እሷም "አባ፣ ጂራ፣ አለሁ" ትላለች። እብጠቱ ግን ጉልበቷ ደረሰ።

ጉትንን አልፈን ወደ አንገር ወንዝ ስንወርድ ቆላው በሙቀቱ ተቀበለን። ድልድዩ ሳይደርስ አንድ መኪና ጭቃ ውስጥ ሰምጦ መንገዱን ዘግቶታል። ሾፌሩ መሪውን በቡጢ መታ። እንግዲህ መጠበቅ ነው። ይኼኔ ነው የመጫወቻዋ መስኮት መደብዘዝ የጀመረው። ለሊሴ ወደ ብርሃን አዞረቻት፣ ወደ ዓይኗ አስጠጋቻት፤ ጡቦቹ ግን ነጭ ሆነው ጠፉ። "አበባ፣ ድንጋዩ ሞተ" አለችኝ። ከዚያ ጭንቅላቷ አባቷ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ኦቦ ዲንሳ በላዬ ተሻግረው በእኔ በኩል ያለውን በር በርግደው አወረዷት። ጭቃ ውስጥ አቆሟት። "ሂጂ! ሂን ራፊን! እንዳትተኚ!" እያሉ ጎተቷት። ጮኸች፣ ከዚያ መጮህም አቃታት። እኔ እያለቀስኩ ጭነቱ ላይ የተቀመጠውን የረዳቱን የእጅ ባትሪ ፈታሁ፤ ትልቁ ድንጋይ ነው፣ አይገባም። ከሰመጠው መኪና ተሳፋሪዎች መሀል ሬዲዮ ያለው ሰው ፈለግኩ፤ የለም። በዚያች ቅጽበት ለሊሴ የምትሞት መሰለኝ፤ የምትሞተውም እዚያው ጭቃ ላይ ነው ብዬ አመንኩ።

"አምጪ" አሉኝ ኦቦ ዲንሳ።

ከእጄ ተቀብለው ድንጋዮቹን አወጡ። አንዱን በመንጋጋቸው ነከሱት፣ እንደገና ዞር አድርገው ነከሱት፤ ቆርቆሮው ሲጨራመድ ሰማሁ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከንፈራቸው ጠቁሮ መልሰው ሊከቱ ሲሞክሩ አልገባ አላቸው፤ እኔ ከተትኩት። መጫወቻዋ ያቺን የመነሻ ዜማዋን አሰማች። እንደዚያ የሚያምር ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። ልጃቸውን ተሸክመው ጋቢና መለሷት። "ጀባዹ፣ በርቺ" አሏት፤ "ያቺ ረጅሟ ትመጣልሻለች።" ለካ ፊታቸውን አዙረው ጨዋታችንን ሲሰሙ ነበር።

መኪናው ተጎትቶ ወጣ። ከኡኬ በላይ ያለውን ዳገት ስንወጣ ሾፌሩም "ስንት ደረስሽ?" እያለ ይጠይቃት ጀመር። ነቀምቴ ስንገባ ካፊያ ነበር። ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ሁለት ሰዎች ሲያወርዷት መጫወቻዋን አልለቅም ብላ ከጣቷ ፈልቅቄ ወሰድኩባት።

ለሊሴ ተረፈች። በማግስቱ ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ አግኝቶ የሆነውን ሁሉ አስነገረኝ። "እንቅልፍ አልነበረም የሚገድላት" አለ። "የጠቀማት ሳትንቀሳቀስ መቆየቷ ነው። ገመዱም መራመዱም ይጎዳታል እንጂ አይረዳትም።" ሲሻላት ለለሊሴ ነገርኳት። "ለአባ እንዳትነግሪው" አለችኝ። ያንን ጭቃ እያሰበች እንደሆነ ገባኝ። እሳቸው ግን አያና ገበያ ላይ "ልጄን ያቆየኋት እንቅልፍ ነሥቼ ነው" እያሉ ሲያወሩ ኖሩ፤ ማንም አላረማቸውም።

ለሊሴ ዛሬ አያና መምህርት ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያ አካባቢ ሲታመስ፣ መንገዱም ስልኩም ሲዘጋ፣ ኦቦ ዲንሳ ታመው ሞቱ። መርዶውን የሰማሁት ስልክ ሲለቀቅ ነው። ለሊሴ ራሷ ደወለች፤ ተላቀስን። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

"ኮቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ አገኘሁ። ከነወረቀታቸው፣ ያልተከፈቱ።"

"ለሬዲዮ ይሆናላ" አልኳት።

"ሬዲዮው በትልቁ ነው የሚሠራው። ቤታችን ትንሹን ድንጋይ የሚጠቀም ዕቃ ኖሮን አያውቅም። ባለ ሱቁን ብጠይቀው፣ ከእባቡ ጊዜ ጀምሮ ሲዝጉበት እየመጣ በአዲስ ይቀይር ነበር አለኝ። ለምን ሲሉት ‘መንገድ ነው፣ አይታወቅም’ ይል ነበር አሉ።"

ለሶስና ይህን ሁሉ ስነግራት ስልኬን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሰማችኝ። "ታዲያ እውነቱን ብትነግሯቸው አይሻልም ነበር?" አለችኝ። ነግረናቸው ቢሆን ልጃቸውን ጭቃ ውስጥ መጎተታቸው ሲቆጫቸው በኖሩ ነበር። ስላልነገርናቸው ደግሞ እስኪሞቱ ድረስ፣ ገበያም ሲወጡ፣ ለቅሶም ሲደርሱ፣ ሁለቱን ድንጋይ በኪሳቸው ይዘው እሷን ከእንቅልፍ ሲጠብቁ ኖሩ።