የልጅ ልጄ ባዮሎጂን የተወችበት ሳምንት

የምጽፈው ነገር በሁለት ሰዎች ትዝታ ላይ ብቻ የቆመ ነው፤ በእኔና በልጅ ልጄ። በእኔው ላይ ብዙ መተማመን አይገባም። ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር ስለኖርሁ፣ ክርክርን ሁሉ እንደረታሁ አድርጌ ማስታወስ ይቀናኛል። እርሷም ስለተከራከርንበት ቀን ስትጠየቅ በአጭሩ ትቆርጠዋለች።

በምትማርበት ሊሴ፣ በፈረንሳይኛ በሚያስተምረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎች ወደ መጨረሻው ዓመት ሲያልፉ ከሦስቱ ከፍተኛ ትምህርቶቻቸው አንዱን ይተዋሉ። ሒሳብን እንደማትተው የታወቀ ነበር፤ ምርጫው በፊዚክስና በባዮሎጂ መካከል ሆነ። እኔ ለስሌት ያላትን ተሰጥኦ ስለማውቅ ፊዚክስን ትያዝ አልሁ። እርሷ ባዮሎጂ አለች። እናቷ፣ ማለትም ምራቴ፣ ኩላሊቷ ደክሞ ለእጥበት ሆስፒታል ትመላለስ ነበር።

የተከራከርነው ከምሳ በኋላ ነው። ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ያለው ሱቃችን ለቀትሩ ሙቀት ተዘግቶ፣ ልጄ በሌላው ክፍል ተኝቷል። ምራቴ እዚያው ሳሎን ምንጣፉ ላይ ጋደም ብላለች። ፈረንሳይኛ ወደሚነገርበት ወደዚህ አገር ከድሬዳዋ በትዳር የመጣች ናት፤ ፈረንሳይኛ ትሰማለች ብለን አናስብም። ስለዚህ ስለ ሕመሟ የምንነጋገረው ሁሉ፣ እርሷው ባለችበት፣ በፈረንሳይኛ ነበር። ይህንንም ጥንቃቄ ነው እንል ነበር። ልጅቷ በዚሁ ቋንቋ ሐኪሙ ስለ እናቷ ተስፋ እንዳልሰጣት ነገረችኝ፤ ማዳን ባትችል እንኳ በእናቷ ሰውነት ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ማወቅ ትፈልጋለች።

ያን ጊዜ ምራቴ ዓይኗን ሳትገልጥ በአማርኛ ተናገረች።

«አባባ እንደሆኑ ፊዚክስ ካልተነሣ ምሳም አይወርድላቸውም። ለዛሬ ግን ስሚያቸው። ለእኔ ብለሽ ከሆነ ባዮሎጂን ተይው፤ እኔ ስሄድ መጽሐፉን በገለጥሽ ቁጥር ታገኚኛለሽ።»

ምን እንደመለስሁ አላስታውስም። ልጅቷ ተነሥታ የእናቷን እግር ማሸት እንደጀመረች ግን ሁለታችንም እናስታውሳለን። የመረጠችው ባዮሎጂን ነበር።

ምራቴ ትምህርት ሳይከፈት ዐረፈች። በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ ሰሌዳው ላይ ኩላሊት ሣለ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ «አባባ፣ ፊዚክስ ያስገቡኝ» አለችኝ። ሄጄ ለመንሁ፤ ፈቀዱ። አሁን ከሰዓት በኋላ አብረን እንሠራለን። መልሶቿ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ምንም አትጠይቅም፤ ቀድሞ ስለ ባዮሎጂ ማዕድ ላይ እንኳ ጠይቃ የማትጠግብ ልጅ ነበረች። የተመኘኋትን የፊዚክስ ተማሪ አገኘሁ፤ ባላገኘኋት ይሻል ነበር።

ያላረጋገጥሁት፣ ምራቴ ፈረንሳይኛ መስማት የጀመረችበትን ጊዜ ነው። ልጅቷ በመጨረሻዎቹ ወራት ከነርሶቹ እንደለመደች ትገምታለች። ልጄ አላውቅም ይላል። ግምቱ ልክ ከሆነ የሰማችን ጥቂት ነው። ካልሆነ ግን፣ ሕመሙ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ አጠገቧ ተቀምጠን ያወራነውን ሁሉ ሰምታ፣ እንዳልሰማች ሆና ሻያችንን ስትቀዳልን ኖራለች ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።