ያነበበችው ገነቴ፣ የተሰማችው ትርፌ

ገነቴ ከፎንቆ ገበያ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለው መንደር መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ የምትችል ብቸኛ ሴት ነበረች። ሆሳዕና ዘመዶቿ ዘንድ ተቀምጣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች። አሳምነውን አግብታ ወደ መንደሩ ስትመጣ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች እንደ ትልቅ ስጦታ ነበር የተቀበሏት። ረቡዕ ረቡዕ ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ከፊት ለፊት ትቀመጥና በአማርኛ አንብባ በሀድይኛ ትተረጉምላቸዋለች። ሲጨርሱ "እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ የኤሊያስ እናት" ይሏታል፣ በልጇ ስም እየጠሩ። ይህን ለመስማት ስትል ሳምንቱን ሙሉ ረቡዕን ትጠብቅ ነበር።

አንድ ረቡዕ፣ በ1973 ክረምት መግቢያ ላይ፣ ጥቂት እርሾ ሊጡን ሁሉ ያቦካል የሚለውን አነበበች። ተረጎመችው። ሴቶቹ ግራ ተጋብተው አዩዋት። ደግማ ተረጎመችው፤ አሁንም አልገባቸውም። ያን ጊዜ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ የምትቀመጠው ትርፌ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ትርፌ የገነቴ የአጥር ጎረቤት ናት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ የምትኖረው ጓሮዋ ካለው እንሰት ነው። ፊደል አልቆጠረችም።

"ቆጮ ስንቀብር ትንሿን እርሾ ለብቻዋ አሽተን የምንጨምራት አይደለም እንዴ?" አለች። "ጭብጥ የማትሞላ ናት። ጉድጓዱን ሁሉ ታቦካዋለች። ቂምም እንደዚያ ነው። ትንሽ ናት ብለሽ ልብሽ ውስጥ ትቀብሪያታለሽ፤ ስትከፍቺው መንደሩ በሙሉ አፍንጫውን ይይዛል።"

ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና እርስ በርስ ተያዩ፤ ሁለቱ ያንኑ ቀን ሄደው ከተጣሏቸው ሰዎች ጋር ታረቁ። ለገነቴ ግን ማንም "ይባርክሽ" አላላትም። ትርፌን ከበው ወጡ።

መጀመሪያ ላይ ገነቴ ራሷ የተሰማትን አላወቀችውም። እቤቷ ገብታ ድስት ስታጥብ ደጋግማ "ምን አለች እሷ? የቆጮ ነገር አወራች እንጂ ምን አለች?" አለች። አሳምነው ሰማት።

"ማን ምን አለ?"

"ማንም።"

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ልማድ ሆነ። ገነቴ አንብባ ስትጨርስ ሴቶቹ ሳያስቡት አንገታቸውን ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ ያዞራሉ። ትርፌ ስለ ወተት መናጥ ትናገራለች፤ ስለ ጠፋች ጥጃ፣ አጥር ስለሚሾልክ ጎረቤት ትናገራለች፤ የሰሙት ቃል ከዚያ በኋላ ከልባቸው አይወጣም። ገነቴ በበኩሏ ዘዴ አበጀች። ረቡዕ ሲደርስ ከባድ ከባዱን ምዕራፍ መምረጥ ጀመረች፤ ስለ ድንኳኑ መጋረጃና ስለ ቀለበቶቹ ቍጥር፣ ስለ መሥዋዕት ስብ። "እስቲ ከዚህ ውስጥ ጥጃዋን ታውጣ" ትል ነበር በሆዷ።

አንድ ቀን ደግሞ የማቴዎስን መጀመሪያ፣ እገሌ እገሌን ወለደ የሚለውን የትውልድ ቍጥር መረጠች። ሴቶቹ አዛጉ። ትርፌ እጇን አነሣች።

"የኤሊያስ እናት፣ ይህ ሁሉ ወንድ ሲወልድ ከማርያም በፊት በመሃል የሴቶች ስም ሰማሁ። እነማን ናቸው?"

ገነቴ መልሱን ታውቃለች። ከፍ ባለ ድምፅ ነገረቻት፤ ትዕማር ባሏ የሞተባት፣ ረዓብ የኢያሪኮዋ፣ ሩት ባሏ ሞቶባት ከአማቷ ጋር የተሰደደች፣ የኦርዮ ሚስት ባሏ በጦርነት የተገደለባት።

ትርፌ በጣቷ ቆጠረች። "ከአራቱ ሦስቱ እንደኔ ባል የሞተባቸው ናቸዋ" አለች ቀስ ብላ። "ጌታ በመበለቶች ጓሮ አልፎ ነው የመጣው።"

አሮጊቷ ወይዘሮ ብርቅዬ፣ እሷም መበለት ነች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። ገነቴ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ያን ምዕራፍ ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ ትወጣዋለች፤ ከአራቱ ሦስቱ መበለቶች መሆናቸውን ግን አንድም ቀን አስተውላ አታውቅም። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳት። ሴትዮዋ ማንበብ ሳትችል ከእሷ መጽሐፍ ውስጥ እሷ ያላየችውን አየች። ማንበብ ብትችል ምን ልትሆን ነው?

ይህን ጥያቄ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይዞባት መጣ። ቀበሌው አስተማሪ ስላልነበረው ገነቴን መደባት፤ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ትርፌ ሆነች። በአርባ ዓመቷ ሰሌዳው ፊት ቆማ "ሀ" ስትል እንደ ሕፃን ትስቅ ነበር። በፍጥነትም ያዘችው። ገነቴ ይህን እያየች ወደ ሰሌዳ አትጠራትም፤ ደብተሯን ሳታርም ትመልስላታለች። የፈተናው ቀን ትርፌ የተሰጣትን ንባብ እየተንተባተበች ግን እስከ መጨረሻው አነበበች። ስሟንም ጻፈች። ገነቴ መዝገቡ ላይ "ወድቃለች" ብላ ሞላች።

"ገና ነሽ" አለቻት። "ለሚቀጥለው ዙር።"

ትርፌ ተከራከረች። "አነበብኩት እኮ!"

"ማንበብ እንዲህ አይደለም።"

ትርፌ ጥቂት ካየቻት በኋላ ደብተሯን ዘግታ ወጣች። የምስክር ወረቀት ሲታደል አልመጣችም። ለሚቀጥለውም ዙር አልተመዘገበችም።

በ1975 ጸሎት ቤቱ በደርግ ትእዛዝ ታሸገ። የቀበሌው ሊቀመንበር ዳኘ ቍልፉን ወሰደ፤ አግዳሚዎቹን የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አስገባቸው። ገነቴ መጽሐፏን እህል ማስቀመጫ ውስጥ ቀበረች። ሴቶቹ የት እንደሚገናኙ ሲመክሩ መላውን ያገኘችው ትርፌ ነበረች፤ በእሷ ጓሮ እንሰት ለመፋቅ በደቦ ይሰብሰቡ፤ ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ ማን ይጠረጥራል?

መላው ሠራ። ነገር ግን በዚያ ጓሮ መጽሐፍ መግለጥ አይቻልም። እጅ ሁሉ በሥራ ተይዟል፤ መፋቂያው ሳንቃው ላይ እየተንሸራተተ ጭማቂው ይፈስሳል፤ በዚያ መሃል ትርፌ ታወራለች። ገነቴ ከሌሎቹ ጋር ተደርድራ ጎንበስ ብላ ትፍቃለች። አሁን ማንም "የኤሊያስ እናት፣ አንብቢልን" የሚላት የለም። ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው የሚለውን ጥቅስ በቃሏ ታውቀዋለች፤ እያወቀችው አጥንቷ ይነቅዝ ነበር።

አንድ ቀን ዳኘ የመሠረተ ትምህርቱን መዝገብ ሊያይ እቤቷ መጣ። ሲወጣ እግረ መንገዱን ጠየቃት።

"ጓድ ገነቴ፣ እዚህ ጎረቤትሽ ጓሮ ሴቶች የሚመላለሱት ምንድን ነው?"

"እንሰት ይፍቃሉ" ብትል ይበቃ ነበር። እውነትም ነው። እሷ ግን "እኔ ምን አውቃለሁ?" አለች፤ አንገቷንም ወደ ትርፌ አጥር መለስ አደረገች። "እሷን ጠይቃት።"

በማግሥቱ ትርፌ ተይዛ የቀበሌው የእህል መጋዘን ውስጥ ታሰረች።

ገነቴ ሁለት ቀን ምግብ አልወረደላትም። በሦስተኛው ቀን ብርቅዬና ሌሎች አራት ሴቶች ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ እቤቷ ገቡ። "ትርፌ የለችም፤ መጽሐፉን አውጪልን" አሏት። ስንት ጊዜ የተመኘችው ነገር ነበር። መስኮቱን ዘግታ መጽሐፉን ከእህሉ ውስጥ አወጣች። ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ ያቆሙት ከሳሙኤል መጽሐፍ ላይ ነበር፤ ከዚያው ቀጠለች። ዳዊት ጎልያድን ገድሎ ሲመለስ ሴቶች እየዘፈኑ ወጡ፤ ሳኦል ሺህ፣ ዳዊት ግን እልፍ ገደለ አሉ። ሳኦል ይህን ሰምቶ ተቆጣ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ዳዊትን በቅናት ዓይን ያየው ጀመር።

አማርኛውን አነበበች። ወደ ሀድይኛ መተርጐም አቃታት።

"ምን አለ?" አለች ብርቅዬ። "ቀጥዪ እንጂ።"

"ሳኦል በዘፈን ነው የቀናው" አለች ገነቴ። "ሴቶች ለሌላ ሰው ስላጨበጨቡ ብቻ ጦር ወረወረ። እኔም ወርውሬያለሁ። ትርፌን ያስያዝኳት እኔ ነኝ።"

ለዳኘ ያለችውን ቃል በቃል ነገረቻቸው። ስለ ፈተናውም ነገረቻቸው። አንዲቷ ሴት ተነሥታ ወጣች።

"ለእኛ ምን ያደርግልናል?" አለች ብርቅዬ። "ለእሷ ሄደሽ ንገሪያት። ለዚያ ለዳኘም።"

ገነቴ ያንኑ ከሰዓት ወደ ቀበሌው ሄደች። አሳምነው ልከተልሽ ቢላት እምቢ አለችው። ዳኘ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ያገላብጥ ነበር።

"ትርፌ ጓሮ እኔም እሄዳለሁ" አለችው። "እንሰት እንፍቃለን፤ እንጸልያለንም። እሷ ከታሰረች እኔም መታሰር አለብኝ።"

ዳኘ ያበደች መሰለው። ከዚያ ተናደደ። "ይሁንልሽ!" ብሎ ጥበቃውን ጠራ።

መጋዘኑ ውስጥ ትርፌ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነበር። ገነቴ ስትገባ ደስ አላት፤ ቦታ ልትለቅላት ተንቀሳቀሰች። ገነቴ ግን ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። ትርፌ ሰምታ ስትጨርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ቀንና የሚቀጥለውን ቀን አላናገረቻትም። ከቤት የመጣላቸውን ምግብ ለየብቻ በሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትርፌ ዞረች።

"ፈተናውን እንዳለፍኩ አውቅ ነበር" አለች። "ማልቀስ የፈለግኩት ያኔ ነው እንጂ አሁን በታሰርኩት አይደለም። አንቺ መቶ ጊዜ ያነበብሽውን እኔ አንድ ጊዜ በዓይኔ ባየሁ ብዬ እንዴት እመኝ እንደነበር አታውቂም። እኔም እኮ እቀናብሽ ነበር።"

"ይቅር በይኝ።"

"ይቅርታውን እሰጥሻለሁ፤ እግዚአብሔር ስላዘዘኝ። ደስ ብሎኝ አይደለም።" ጆንያው ላይ ቦታ ለቀቀችላት። "አሁን ያስቀረሽብኝን አምጪ። ከየት ነበር ያቆምነው?"

ገነቴ ወለሉ ላይ ያለውን አቧራ በመዳፏ ደልድላ በጣቷ መጻፍ ጀመረች። ከቆርቆሮው ስንጥቅ በሚገባው ብርሃን ትርፌ ፊደሉን በራሷ ጣት ተከተለች።

በሳምንቱ ዳኘ ፈታቸው። ከአውራጃ ዘመቻውን የሚመረምሩ ሰዎች ሊመጡ ነበር፤ አስተማሪዋም ተማሪዋም እስር ቤት ናቸው ማለት አልፈለገም። ብዙ አስፈራርቶ ለቀቃቸው። ገነቴ በዚያው ሳምንት መዝገቡን ከፍታ የትርፌን ውጤት አስተካከለች፤ ዳኘም ምክንያቱን ሳይጠይቅ ፈረመበት። ደቦውን ግን ሌላ ጓሮ ወሰዱት።

ከመንደሩ ሴቶች ለገነቴ ልባቸው ቶሎ ያልተመለሰ ነበሩ። ያቺ ተነሥታ የወጣችው ሴት ለሁለት ዓመት ሰላምታ አልሰጠቻትም። ገነቴ አልተከራከረቻትም፤ መንገድ ላይ ባገኘቻት ቍጥር እሷ ቀድማ ሰላም ትላት ነበር።

በ1983 ጸሎት ቤቱ ሲከፈት ሽማግሌዎቹ የረቡዑን ለሁለቱ አብረው ሰጧቸው። በምዕራፍ ምርጫ ይጨቃጨቃሉ፤ ገነቴ ከመልእክቶቹ ትላለች፤ ትርፌ ታሪክ ካለበት ትላለች። አንድ ጊዜ አንዲት አዲስ ሙሽራ ገነቴን ለብቻዋ ጠይቃት ነበር፤ "ያ ቅናት ሙሉ በሙሉ ለቀቀሽ?"

"አለቀቀኝም" አለች ገነቴ። "ዛሬም ትርፌ ስትናገር ሲስቁ ቅር ይለኛል። ያን ጊዜ ቶሎ ብዬ እኔም እስቃለሁ። አንዳንዴ ደግሞ የምትለው ነገር እውነትም ያስቃል።"