የአባቴን ፈቃድ ፍለጋ፣ ከዘጌ ባሕር ዳር

ማክሰኞ ጠዋት ከዘጌ በጀልባ ተነሣሁ። የምሄደው ለአባቴ ፈቃድ ለማውጣት ነው። አባቴ ባሕር ዳር እየተመላለሱ የሰው ግቢ በአበባና በዛፍ እያስዋቡ ነው ያሳደጉኝ። አሁን ግን ሐይቁ ዳር ያለ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ማስዋብ ጀምረው ሳለ፣ «ያለ ፈቃድ አይቻልም» ተብለው ከበር ተመለሱ። ወባ ስለጣላቸውና ከቤታችን ስድስተኛ ክፍል የጨረስሁት እኔ ብቻ ስለሆንሁ ላኩኝ። ሰው ፊት መናገር እንደሚጨንቀኝ ያውቃሉ።

ፈቃድ ሰጪው ቢሮ የሠሩትን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጋል ተብሏል። አባቴ ወረቀት የላቸውም። ስለዚህ ለሰው ግቢ ያባዟቸውን ተክሎች ከጓሯችን አንዳንድ ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ በክር አስረው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉልኝ። «ይኼ የሐኪሙ ግቢ ነው። ይኼ የዳኛው ነው» እያሉ አስጠኑኝ።

ጀልባው ላይ ትኬት ቆራጩ ጥቅሉን አየና፣ «እሙዬ፣ ቀለቡን አየሁት፣ ፍየሏ የት አለች?» አለኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ ውኃው አዞርሁ። እንጨት የጫኑ ታንኳዎች በጎናችን ያልፋሉ፤ ቀዛፊዎቹ ከውኃው ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ።

ቢሮው

ከወደቡ ዘንባባ በተተከለበት መንገድ በእግሬ ሄድሁ። ቢሮው በር ላይ መፈክር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል። ከፊቴ ከፋሲሎ ሰፈር የመጡ ችግኝ ሻጭ እናት ነበሩ። ጸሐፊው፣ «እማማ፣ ችግኝ መሸጥ ፈቃድ አይጠይቅም። መትከልም አይጠይቅም። የት እንደሚተከል መወሰን ነው የባለሙያ ሥራ» አላቸው።

«ገዢው የት ልትከለው ብሎ ቢጠይቀኝሳ?»

«ከነገሩትማ ንድፍ አወጡ ማለት ነው።»

«እንግዲህ አፌን በሻሽ ልሰር!» ብለው ወጡ።

ተራዬ ሲደርስ ጥቅሉን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁና የየግቢውን ባለቤት አንድ በአንድ ነገርሁት። ጸሐፊው አልሳቀብኝም። አንዱን ቅርንጫፍ አሽትቶ የሻይ ብርጭቆው ውስጥ አቆመው።

«ያምራል፣ እህቴ። ግን ማኅተም አልመታበትም። አባትሽ ዲፕሎማ አላቸው?»

«የድጓ ተማሪ ነበሩ።»

«እሱ ሌላ ነው። ለማረፊያው ግቢ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቷል። እሱ ከተቀበላቸው በሥሩ በቀን ሠራተኛነት ልመዝግባቸው። ምዝገባው ዛሬ ያበቃል።»

«አባባን ጠይቄ ነገ ብመጣስ?»

«ነገ የለም።»

ሐይቁ ዳር

የተጠበሰ ዓሣ በአንድ ብር ገዝቼ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጎርሼ ተውሁት። ባለሙያውን ማረፊያው ግቢ ውስጥ ትልቅ ወረቀት ሣር ላይ ዘርግቶ፣ ማዕዘኖቹን በድንጋይ አስጭኖ አገኘሁት። ወጣት ነው። ተነሥቶ ሰላም አለኝ፤ የማን ልጅ እንደሆንሁ ነገርሁት።

«ይኼን የጀመሩት አባትሽ ናቸው? ጥሩ እጅ አላቸው። መንገዱ ግን በዚህ ነው የሚያልፈው» ብሎ የጽጌረዳውን መደብ አሳየኝ። «ነቅለው ወደዚያ ያዛውሩልኛል።»

ወረቀቱን አየሁ፤ ያምራል። መሬቱን አየሁ፤ እሱም ያምራል። የትኛው ትክክል እንደሆነ ግራ ገባኝ።

«ካልፈለጉ ሌላ ሰው ይቀጠራል። እኔ ግን እሳቸው ቢመጡልኝ ደስ ይለኛል» አለኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ተቆጥቼ እመለስ ነበር።

ወደ ቢሮው ስመለስ ጸሐፊው መስኮት እየዘጋ ነው፤ ባለሙያው እንደተቀበላቸው ነገርሁት። ካላስመዘገብሁ አባቴ ሥራ የላቸውም። ካስመዘገብሁ ግን ዕድሜ ልካቸውን በራሳቸው የሠሩ ሰው የሌላ ሰው ቀን ሠራተኛ ሊሆኑ ነው። «ልጻፋቸው?» አለኝ። «ይጻፉ» አልሁት።

ዘጌ

በማታው ጀልባ ተመለስሁ። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጅ ይጠብቁኛል።

«ሰጡን?»

«ሰጡን፣ አባባ። ግን . . . በሰው ሥር ነው።»

ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ ጽጌረዳው ስነግራቸው ዓይናቸውን ከደኑ።

«ልጁ ስንት ዓመቱ ይሆናል?»

«ከታላቅ ወንድሜ ያንሳል።»

«ተነሥቶ ሰላም አለሽ?»

«አዎ፣ ተነሥቶ።»

«ደግ ነው» አሉ።

መትከልና የት እንደሚተከል ማወቅ ለእኔ አንድ ሥራ ነበሩ፤ ባሕር ዳር ደርሼ ስመለስ ሁለት ሆነው አገኘኋቸው። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ይኼንን ነው። ለምን እንደተለያዩ ግን የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ወባው ሲለቃቸው አባቴ አካፋቸውን ይዘው ወደ ጀልባው ወረዱ። የአበባው መደብ የት እንደሚሆን ሲለኩ የሚወጥሩት ገመድ የቤታችን ምሰሶ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። አንሥቼው ሮጬ ደረስሁባቸው።

«አባባ፣ ገመዱን ረስተውታል!»

«አልረሳሁትም» አሉኝ። «መልሰሽ ስቀይው።»