ጽዋው አይዘለልም

አየለች አምቦ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። ተቀይማ ዝም ያለችበትን ቀን የሚያውቅ የለም። አያቶቿ ከመንዝ የመጡ ናቸው፤ በኦሮምኛ ስትቆጣ ግን የሚስተካከላት አይገኝም።

በ2015 ዓ.ም. በጳጳሳት ሹመት የተነሳ ምእመኑ ለሁለት ሲከፈል፣ አየለች ሹመቱን ተቃውመው ጥቁር ለብሰው ካስቀደሱት ጋር ነበረች። የሚካኤል ጽዋ ማኅበርተኛዋ ኦቦ ሂርጳ፣ ጡረታ የወጣው መምህር፣ ከአዲሶቹ ጳጳሳት ጎን ቆመ። ተሳስተሃል አለችው፣ ገበያ መሃል፣ ፊት ለፊት። እሱም ተሳስተሻል አላት። በኋላ ጳጳሳቱ ታረቁ ተባለ፤ ዕርቁ በሬዲዮ ተነገረ እንጂ አምቦ አልደረሰም።

የካቲት አሥራ ሁለት ማኅበሩን የደገሰችው አየለች ነበረች። ድግሱ ሲያበቃ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል፤ እሱ እጅ እስኪገባ ድረስ መሬት አይነካም። ተረኛው ሂርጳ ነበር፤ አልመጣም። ከእሱ ቀጥሎ ተረኛ የነበረው የማኅበሩ አለቃ ጉግሳ፣ ሂርጳን ዝለዪውና ለእኔ ስጪኝ ብሎ እጁን ዘረጋ። ቤቱ ሁሉ ልክ ነው አለ።

አየለች ነደዳት። በ2006ቱ ግርግር የሂርጳ ልጅ የሞተ ጊዜ፣ ሰው ከቤቱ መውጣት በፈራበት ቀን፣ ሬሳውን የተሸከመው ይኸው ማኅበር ነው። ቃሬዛውን ከፊት የያዘውም ራሱ ጉግሳ ነበር። ያን ጊዜ የማን ወገን ነህ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

«ጽዋው የሚካኤል ነው፤ አንተ ደግሞ ሚካኤል አይደለህም» አለችውና ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጽዋውን ይዛ ወጣች።

በጠራራ ፀሐይ ዋናውን አስፋልት ይዛ ሄደች። የእሷ ወገን የሆኑት በክፉ ዓይን አዩዋት፤ የሂርጳ ሰፈር ጎረምሶችም ምን ልትፈጥር መጣች እያሉ ተከተሏት። ደንታም አልሰጣትም።

ሂርጳ በሩ ላይ ቆሞ አልቀበልም አለ። ብቀበል የእኔ ሰዎች ከዳን ይሉኛል፣ የእናንተም ሰዎች ቤቴን አይረግጡም አላት። እሷም አልመለስም አለች። ሚስቱ ለንሳ ላግዝሽ ስትላት ተረኛው ባልሽ ነው ብላ ከለከለቻት። ቆመች። ጽዋውን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«አዴ አየለች፣ አሁንም ተሳስተሻል» አለ ሂርጳ።

«አንተም። ተቀበለኝና እንከራከራለን።»

ተቀበላት።

ጉግሳ ይህን ሲሰማ፣ በመጋቢት ሂርጳ ቤት የሄደ ከማኅበሩ ይሰረዛል ብሎ አስነገረ። ማኅበሩ ያለው ጽዋው ባለበት ነው፣ የሚሰረዘው እሱ ነው ብላ ላከችበት።

ቀኑ ሲደርስ ሂርጳ ቤት የተገኙት ጥቂት ነበሩ። ጾም ስለሆነ ዳቦና ጠላ ቀረበ። ሂርጳ አባታችን ሆይን በኦሮምኛ አደረሰ፣ አየለች በአማርኛ፤ ስለ ጳጳሳቱም እስኪበቃቸው ተጨቃጨቁ። ከዚያ ሂርጳ ጽዋውን አንስቶ ወጣ፤ አየለች ከኋላው። ቀጣዩ ተረኛ ጉግሳ ነበር።

የጉግሳ የቆርቆሮ በር ተዘግቷል። በስንጥቁ እያየ መሆኑን አየለች አወቀች። ሂርጳ ጽዋውን እንደያዘ በሩ ፊት ቆመ።

«ጉግሳ» አለች አየለች፣ «ልጁን የተሸከምክለት ሰው በርህ ላይ ቆሟል።»

በሩ ተከፈተ። ጉግሳ የሂርጳን ፊት ማየት አልቻለም፤ እጆቹን ግን ዘረጋ።