የካሚዮኗ ዋስ

ሸዋንግዛው የልደታ ሰው ነበር። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች ተወልዶ እዚያው ሚስት አግብቶ እዚያው አርጅቷል። ሥራው ግን በተክለ ሃይማኖት በኩል ባለው በቅሎ ተራ ነበር። ሥራውስ ምን ነበር ቢሉ፣ ዋስ መሆን ነበር። ቀላል ሥራ ይመስላል፤ የሚመስለው ግን ተይዞ ለማያውቅ ሰው ነው።

በዚያ ገበያ ደንብ በቅሎ የሚሸጥ ሰው ነውሯን በሰው ፊት ይናገራል። ትራገጣለች፣ ትደነብራለች፣ ጭነት ሲከብዳት ትተኛለች ይላል። ከዚያ ዋሱ ይነሣና «ከተባለው ሌላ ነውር የላትም» ብሎ ቃሉን ይሰጣል። የተደበቀ ነውር ከተገኘ ገዢ ሻጩን ይይዛል፤ ሻጩ ከጠፋ ወይም እምቢ ካለ ዋሱን ይይዛል። እንግዲህ ዋስ የሚሆን ሰው የሚያይ ዐይንና ሊያዝበት የሚችል ንብረት ያስፈልገዋል፤ ሲይዙትም የማይሸሽ መሆን አለበት። ሸዋንግዛው በሃያ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተይዞ ሁለቱንም ጊዜ ሳይከራከር ከፍሏል። ይህንን እንደ ማዕረግ ያወራው ነበር። መኩራራት ይወድ እንደነበር አልደብቅም።

ጣሊያን ገባና መንገድ ጠረገ፣ በመንገዱም ካሚዮን የሚሉትን የጭነት መኪና ለቀቀበት። ነጋዴው በቅሎውን እየሸጠ ጭነቱን በካሚዮን ማስጫን ጀመረ። ገበያው ቀዘቀዘ። ሸዋንግዛው ግን ልማድ ሆኖበት ጠዋት ጠዋት እየሄደ ከድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። የሚያልፈው ሁሉ ሰላም ይለዋል፣ ጤናውን ይጠይቀዋል፤ ዋስ ሁነኝ የሚለው ግን የለም። እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት አለፈ። ቤቱ የሚተዳደረው በአንዲት ዳማ በቅሎ ኪራይ ነበር። ሚስቱ መሰለች ሲወጣና ሲገባ ታየዋለች። የሚያሳዝነው ረኀቡ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል እንዳለፈ፣ በከር መጣ። በከር የወሎ ተወላጅ ነው፤ በአብነት ሰፈር ከሚስቱ ከዘሀራ ጋር ይኖራል፤ በአራት በቅሎዎች ከአዲስ ዓለም እህል እያመላለሰ ይሸጣል። አራቱንም በቅሎዎች የገዛው በሸዋንግዛው ዋስትና ነው። በጣሊያን መንገድ ሥራ ላይ ሳለ መንዳት ተምሮ ነበርና፣ አሁን ፓስኳሌ የሚባል ጣሊያናዊ ሾፌር አሮጌ ካሚዮን እንደሚሸጥ ሰምቶ ልቡ ተነሥቷል።

«ጋሽ ሸዋንግዛው፣ እርስዎ ያላዩትን ገዝቼ አላውቅም» አለ። «ዋስ ከሆኑልኝ እገዛለሁ፤ ካልሆኑልኝ ይቅርብኝ።»

ሸዋንግዛው እዚህ ላይ «እኔ የማውቀው በቅሎ ነው» ማለት ይችል ነበር። አራት ቃል ነበረች። ስንት ቀን አስቤዋለሁ፣ ባስበው ባስበው ያናድደኛል። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልፈለገው ሰው ነበርና ጥያቄው ራሱ አሰከረው። የክት ነጠላውን አጣፍቶ ተነሣ።

ፓስኳሌ አጭር፣ ሳቂታ፣ የገበያ አማርኛ የለመደ ሰው ነበር። ሸዋንግዛው ሰዎች ሰብስቦ በደንቡ መሠረት «ነውሯን ተናገር» አለው። ጣሊያኑ ነገሩ ገብቶት ኖሮ ተደሰተ። እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ «ጠዋት ብርድ ነው፣ ቶሎ አይነሣም። ሌላ ሁሉ ቦኖ፣ ደኅና!» አለ።

ሸዋንግዛው ካሚዮኗን ሦስት ጊዜ ዞራት። ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ጎንበስ ብሎ ሆዷን ዳሰሰ። ጆሮውን ከሞተሩ አጠገብ አስጠግቶ አተነፋፈሷን አዳመጠ። ከዚያ ስምንት ጎረምሳ አስጭኖ ከልደታ ወደ ተክለ ሃይማኖት ዳገቱን አስወጣት፤ እሱም ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ጆሮውን ቀሰረ። በሰፈሩ የሚያልፈው ካሚዮን ሁሉ ማርሽ ሲቀየር ያጓራል። ይህቺ ግን ትንፍሽ አላለችም። ማርሽ ሲቀየር እንኳ የጠገበች ላም እንደምታመሰኳ ያለ ለስላሳ ድምፅ ነበራት። ሲወርድ ፊቱ በርቶ ነበር።

«ድምፅዋ የጤነኛ ነው» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ዋስ ነኝ!»

ፓስኳሌ በጣሊያንኛ የተጻፈ ወረቀት አውጥቶ በከርን በአውራ ጣቱ አስፈረመው። አራቱ በቅሎዎች ተሽጠው ካሚዮኗ አብነት ገባች። ሸዋንግዛው በዚያ ቀን አንጀቱ ቅቤ ጠጥቶ ቤቱ ገባ።

«ምን ያውቁና ነው ለብረት ዋስ የሆኑት?» አለችው መሰለች።

«ብረት ከበቅሎ ይበልጣል እንዴ?»

«በቅሎስ ስትዋሽ ዐይኗ ያስታውቅባታል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን በከር ጤፍ ጭኖ ከአዲስ ዓለም ሲመለስ ካሚዮኗ ማጉረምረም ጀመረች። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ማርሹ አምልጦ ወጣ። በከር ሊመልሰው ቢታገል አንዳች ነገር ከውስጥ ተንጓጓና ነከሰ፤ ካሚዮኗም ተወርውራ ከመንገዱ ዳር ካለው ጉብታ ጋር ተላተመች። ከጤፉ ላይ ተቀምጣ የነበረችው ዘሀራ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። በሦስተኛው ቀን ካሚዮኗ በስድስት በቅሎ ተጎትታ አብነት ደረሰች። ከስድስቱ ሁለቱ በከር ራሱ የሸጣቸው ነበሩ፤ ተከራይቶ አመጣቸው። ሰፈሩ አፉን ይዞ ሳቀ። ሸዋንግዛው ግን ወሬው ሲደርሰው ነጠላውን ይዞ ወደ አብነት ሮጠ።

በአብነት ሰፈር ኃይለመለኮት የሚባል መካኒክ ነበር። ካምቢዮውን፣ ያንን ማርሾቹ የሚቀመጡበትን የብረት ሣጥን፣ ፈትቶ እጁን ከተተና ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ዝቆ አወጣ። በጣቱ አሽቶ አሸተተው።

«ሰጋቱራ» አለ።

«ምን?»

«የእንጨት ብናኝ ነው፣ ጋሼ። የአናጢ ቤት ጥራጊ። ማርሹ ሲያልቅ ይጮኻል። ይህንን ከዘይት ጋር ጠቅጥቀው ሲሞሉት ዝም ይላል። ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ሦስት፣ ከዚያ ይኸው።» ያለቁትን ማርሾች አንሥቶ አሳየው። «ዝም ካለች መኪና ነው መጠርጠር ያለብዎት።»

ሸዋንግዛው ያንን ጭቃ በመዳፉ ተቀበለ። ገና የጥድ ሽታ ነበረው። በሰው ሁሉ ፊት አድንቆ ቃል የገባበት ነገር ይህ ነበር። አፈረ። ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

በማግስቱ በከርን ይዞ የአገሬውን ሰው አቤቱታ ወደሚቀበለው የጣሊያን ቢሮ ሄደ። አስተርጓሚው ሐበሻ ነው፤ ኮት ለብሷል፤ ወረቀቱን ተቀብሎ በዐይኑ ሮጥ አደረገበት።

«‹መኪናይቱን እንዳለች ተረክቤያለሁ፣ ከእንግዲህ በሻጩ ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም› ይላል። ጣትህን ያኖርክበት ይህ ነው።»

በከር አውራ ጣቱን ገልብጦ አየው።

«በአፉ የተናገረውስ?» አለ ሸዋንግዛው። «ሌላ ሁሉ ጤና ነው ሲል ሰው ሁሉ ሰምቷል!»

«ሰው ሁሉ የሚሉት ሐበሻውን ነው? እዚህ አይቆጠርም» አለ አስተርጓሚው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቴ፣ ጣሊያኖቹ ‹ለጣሊያን ዋስ የሆነው ማነው?› ብለው ሳይጠይቁዎት ይሂዱ።»

ወጡ። ተክለ ሃይማኖት ሲደርሱ ፓስኳሌ ሲጋራ ገዝቶ ከአንድ ሱቅ ሲወጣ አዩት። በከር የሸዋንግዛውን ክንድ ሊይዝ ሞክሮ ነበር፤ አልደረሰበትም። ሸዋንግዛው መንገዱ መካከል ቆሞ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

«በሕግ አምላክ!»

ያ ቃል ሲጠራ የሚሄድ ይቆማል፣ የሚማታም እጁን ይሰበስባል። መንገዱ ቀጥ አለ። እንስራ ያዘለች ሴት ቆመች። ሁለት ወዛደሮች ጣውላ እንደተሸከሙ ቆሙ። በቅሎ የሚጎትት ሰው ልጓሙን ሳብ አድርጎ ቆመ። ፓስኳሌም ለአንድ አፍታ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ስለ ቆመ ግራ ገብቶት ነው። ዘወር ብሎ ሸዋንግዛውን ሲያይ ግን ፊቱ ፈካ። ቀረብ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ቦኖ ማኪና! ቦኖ!» አለና በቆመው ሰው መካከል እየተሹለከለከ፣ ሲጋራውን እየለኮሰ ሄደ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። በሕግ አምላክ ያለው ሰው ነገሩን እስኪናገር ይጠብቃሉ። ሸዋንግዛው አፉን ከፈተ፤ ግን ለማን ይናገር? ዳኛ የለ፣ ተከሳሹም ሄዷል። እንስራ ያዘለችው ሴት ጀርባዋ ሲዝልባት ጊዜ በትሕትና ጠየቀችው።

«አባቴ፣ እንሂድ ወይስ እንቁም?»

ትንሽ ቆይታ ሄደች። ጣውላ የተሸከሙትም ተከተሉ።

በከር ቀስ ብሎ ተጠጋው። «ይተዉት ጋሽ ሸዋንግዛው። ያታለለን ሁለታችንንም ነው። እኔ እርስዎን አልይዝም። ያለችዎት አንዲት በቅሎ ናት፤ እሷን ብወስድ እርስዎና እትዬ መሰለች ምን ልትበሉ?»

ከልቡ ነው ያለው። ክንዷ የተሰበረ ሚስት ቤቱ ተኝታለች፤ ጎተራው ባዶ ነው፤ በቅሎ አንድ እንኳ የለውም። ያም ሆኖ ምሮታል። ሸዋንግዛውን ግን ይህ ምሕረት ከፓስኳሌ ሳቅ ይበልጥ አንገበገበው። ቢሮው አትቆጠርም ብሎታል። ጣሊያኑ ትከሻውን መትቶ አልፎታል። አሁን ደግሞ ቃሉን አምኖ አራት በቅሎውን የሸጠ ሰው፣ በደግነቱ፣ ያንኑ ሊለው ነው።

«ያዘኝ» አለ።

«አልይዝም፣ ጋሼ።»

«ዋስ ነኝ ብዬሃለሁ! ካልያዝከኝ የሰጠሁህ ምን ነበር? ነፋስ ነው? ያዘኝ እልሃለሁ፣ በከር! አንተም ካልያዝከኝ እኮ ሰው አይደለሁም።»

የነጠላውን ጫፍ ዘርግቶ ሰጠው። ከሳሽና ተከሳሽ ነገራቸው እስኪያልቅ ድረስ ልብሳቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ይሄዱ ነበር፤ የሚቋጥረውም ከሳሹ ነው። በከር ጫፉን እያቅማማ ተቀበለ። ከዚያ የራሱን ኩታ ጫፍ አምጥቶ ቋጠረው።

«አጥብቀው» አለ ሸዋንግዛው።

አጠበቀው። አንዱ በቅሎዋን ሊረከብ፣ ሌላው ሊያስረክብ፣ ወደ ልደታ ቁልቁል ጀመሩ። መሰለች ደጅ ላይ ሆና ቋጠሮውን ስታይ የሚደርስባትን ሸዋንግዛው ያውቃል፤ እርምጃውን ግን አላዘገየም። በየደጁ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ቋጠሮውን እያዩ፣ ሦስት ዓመት ያላዩትን ነገር፣ ብድግ ብድግ አሉ። በከር አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል፤ ወደ ኋላ እየቀረ ነጠላውን ይጎትታል።

«ቀና ብለህ ሂድ እንጂ፣ በከር» አለው ሸዋንግዛው። «ከሳሹ አንተ ነህ።»