ከሄሊኮፕተሩ የወረደው ገመድ

ዓረብ አገር፣ ፋሐሂል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ የምሠራበት ሱቅ ውስጥ ቆሜ ከባሕሩ በኩል ያ ከባድ የሄሊኮፕተር ድምፅ ሲመጣ፣ ዛሬም የያዝኩትን አስቀምጬ አዳምጣለሁ፤ ያደግኩባት የፊንጣስ ጠባብ ክፍል፣ የሚንቀጠቀጠው መስኮቷና የእናቴ ቁጣ አብረው ይመጡብኛል።

እናቴ ጦይባ፣ ባያን በሚባል ሰፈር ስትሠራበት ከነበረው ቤት፣ ከአሠሪዋ ከማዳሟ ጠፍታ ከወጣች በኋላ ነበር ከአባቴ ከሁሴን ጋር የተጋቡት። ሁለቱም ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ አልነበራቸውም፣ እኔም እንደዚያው ተወለድኩ። በሙቀቱ ወራት፣ የጦር መርከቦች ልምምድ ሲያደርጉ፣ ሆዱ እንደ ጀልባ የሆነ፣ ውሃ ላይ ማረፍ የሚችል ትልቅ ሄሊኮፕተር በባሕሩ ዳር ይመላለስ ነበር። ሥራው ሰርጓጅ መርከብ ማደንና ባሕር ላይ አደጋ የደረሰበትን ሰው ማውጣት እንደሆነ ማን ነግሮን! እኛ የምናውቀው ኢቃማ የሌለውን ከላይ ሆኖ እንደሚለቅም ነው። ጎረቤቶቻችን የወሎ ሴቶች ድምፁን ሲሰሙ ከጣሪያው ላይ ያሰጡትን ልብስ ሰብስበው፣ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይገቡ ነበር። እናቴም መጋረጃውን ዘግታ አልጋ ሥር ታስገባኝና፣ «አንገትህን እንዳታወጣ! ካዩህ አባትህን ይወስዱታል» ትለኝ ነበር።

ሽሪምፕ የሚሉት ትንሽ የባሕር እንስሳ የሚጠመድበት ወራት ሲገባ አባቴ ሰይድ ከሚባል የአገሩ ልጅ ጋር አሳ ማጥመጃ ጀልባ ላይ መረብ ይጎትት ነበር። እጁ በጨው ተሰነጣጥቆ፣ ልብሱ አሳ አሳ እየሸተተ ይመጣና አቅፎኝ፣ «ያቺ ሄሊኮፕተርህ ዛሬም መጥታ ነበር፣ መረቡ ሥር ተደበቅኩባት» እያለ ያስቀኝ ነበር። እኔም በአባቴ እኮራ ነበር። መደበቅ ምን ያኮራል!

ብርዱ ገብቶ፣ ነፋሱ በበረታበት አንድ ጠዋት ጀልባቸው ተገለበጠ። ከቀናት በኋላ ሰይድ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤታችን መጣና እናቴ ፊት ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ሄሊኮፕተሩ ሊያወጣን መጥቶ፣ ገመዱ መጀመሪያ የወረደው ለሁሴን ነበር» አላት። «እሱ ግን እኔን አስያዘኝ። ‹እኔን ከያዙኝ ጦይባንና ልጁን ያገኟቸዋል› ብሎ ከሄሊኮፕተሩ እየራቀ ዋኘ። ማዕበሉ ሸፈነው፣ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

«አንተስ? አንተም እኮ ኢቃማ የለህም!»

ሰይድ አቀረቀረ። «ብርድ ልብስ አለበሱኝ፣ ሻይ ሰጡኝ። ኢቃማህን አምጣ ያለኝ የለም፣ እህቴ።»

እናቴ አፏን በሻርፗ ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ኢቃማ የሌለው ያለ ቅጣት ወደ አገሩ እንዲገባ የምሕረት ጊዜ ሲታወጅ ይዛኝ ደሴ ገባች፣ እኔም አድጌ በሕጋዊ መንገድ ተመልሼ መጣሁ። ዛሬ ኢቃማ አለኝ፣ ያኔ በመጋረጃ ሥር ሰርቄ አየው የነበረውን ባሕር አሁን ዓርብ ዓርብ ከልጄ ጋር እየሄድኩ አየዋለሁ፤ ግን አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ሄሊኮፕተር በላያችን ሲያልፍ ልጄ እየዘለለ እጁን አውለበለበ።

«አባዬ፣ ያዩኛል?»

«ያዩሃል» አልኩት።

አባቴንም አይተውት ነበር።