ፀሐይ ያስመታሁት ቀይ ሣጥን

ነገሩ የሆነው አምና፣ ዝናቡ ሳምንት ሙሉ አላባራ ብሎ በከረመበት የካቲት ላይ ነው። ዛሬም መስኮት ላይ ፀሐይ ስታርፍ ካየሁ ከተቀመጥኩበት ብድግ እላለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያኔ እዚህ ውጭ አገር፣ አልባኒ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ሚስስ ሊን የሚባሉ ቻይናዊት አሮጊት ቤት እሳቸውን የምንከባከብ ኬርጊቨር ነበርኩ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ መልኬን እንኳን አያውቁትም። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም። እኔ ግን በልቤ አንቱ ነው የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልጻፈው።

አንድ ቀይ ሣጥን አላቸው። ከባለቤታቸው አያት የወረደ ነው፤ ክብ፣ የትንሽ አገልግል ያህል፣ ከላይ እስከ ታች የተቀረጸ። እኔ እንጨቱን የቀረጹት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ናቸው ያስረዱኝ። ቀይ ቀለም የገባበት የዛፍ ሙጫ እንጨቱ ላይ ስስ አድርገው ይቀባሉ። ሲደርቅ ይደርቡበታል። እንዲህ መቶ ጊዜ፣ ከዚያም በላይ። ከወፈረ በኋላ ሙጫውን በስለት ይቀርጹታል። ክዳኑ ላይ ድልድይ የሚሻገር ሽማግሌና አንድ የጥድ ዛፍ አለ። ባዶ ቦታ የሚባል የለውም፤ ሰማዩ የራሱ ጥለት አለው፣ ውሃው የራሱ፣ መሬቱም የራሱ።

ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ጭናቸው ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ። በጣታቸው ያዩታል። «አሁን ውሃው ላይ ነኝ። አሁን ድልድዩ ላይ ወጣሁ» ይላሉ። ከቀኑ ሁሉ የሚወዷት ሰዓት ያቺ ነች።

በዚያ ሳምንት ልጃቸው ጆይስ እሷ ወደምትኖርበት ሳን ሆዜ ወስዳቸው እኔ ቤቱን ላጸዳ ቀረሁ። ሣጥኑ ያለበትን ቁም ሳጥን ስከፍት እርጥበት እርጥበት ይሸታል። እናቴ ኮምቦልቻ እያለን እርጥበት የገባውን ነገር ሁሉ ፀሐይ ታስመታው ነበር፤ መሶቡን፣ ቁርበቱን፣ ፍራሹን። ዝናቡም በዚያን ዕለት አባርቷል። ጓሮ ያለው ጠረጴዛ ላይ ክዳኑን ለብቻው፣ ሣጥኑን ለብቻው አሰጣሁት። ደግ መሥራቴ ነበር።

ልብስ ሳጥብ ረሳሁት። ከሰዓት ስወጣ ክዳኑ ተሰንጥቋል፤ ከጥዱ ጫፍ እስከ ጠርዙ ድረስ።

እዚያው አቅራቢያ ቴሜስካል ሰፈር ለምትሠራው ጓደኛዬ ለሰዓዳ ኮል አደረግኩ።

«ምን አስጨነቀሽ? ዝም በያቸዋ! ዓይናቸው አያይ!»

«ጣታቸው ያያል፣ ሰዓዳ።»

«እንግዲያው ሌላ ሥራ ፈልጊ» ብላ ሳቀች። እኔ ግን እንቅልፍም አልወሰደኝ።

ሚስስ ሊን ሲመለሱ «ዛሬ መንገድ አድክሞዎታል» ብዬ ሣጥኑን ሳላመጣ ቀረሁ። በማግስቱ ሌላ ሰበብ አገኘሁ። አንዴ ወጥ ቤት፣ አንዴ ሳሎን፣ የተወለወለውን መልሼ እወለውላለሁ። በሦስተኛው ቀን፣ «ዛራ» አሉኝ፤ ዘሀራ ማለት ያቅታቸዋል። «ሣጥኔ ተሰርቋል? ንገሪኝ፣ ለፖሊስ እንደውል።»

አመጣሁት። አጠገባቸው ተንበረከክሁና ጣታቸውን ይዤ ስንጥቁ ላይ አሳረፍኩት። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ፀሐይ?» አሉኝ ወዲያው።

«እርጥበት ነክቶት ነበር፣ ሸቶ ነበር...»

«እሱ እኮ ድርቀት ነው የሚገድለው! ሙጫው ራሱ ሲሠራ የሚደርቀው እርጥብ ክፍል ውስጥ ነው። ውሰጂው።»

ቁም ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት። ሁለት ቀን ሙሉ መልሳቸው «አዎ» እና «አይ» ብቻ ሆነ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር፣ ወላሂ።

ከዚያ ከምሳ በኋላ «አምጪው» አሉ። ጣታቸው ውሃውን አቋረጠ፣ ድልድዩን ወጣ፣ ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሽማግሌውን ነክቶታል?»

«አልነካውም። ሰማዩ ላይ ነው።»

«ሰማዩ ላይ ከሆነማ መብረቅ ነው» አሉና ሳቁ። «ቶሎ ተሻገር በይው።»

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሰኔ ላይ ግን ሚስስ ሊን ጠቅልለው ወደ ሳን ሆዜ ሄዱ። ዕቃ ስናሽግ ጆይስ ክዳኑን ወደ ብርሃን አንስታ፣ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለች፤ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። እናትየዋ ማዶ ክፍል ተኝተዋል። እኔ ስኒ በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ዝም አልኩ።

ያ ዝምታ ከስንጥቁ ይልቅ በላኝ። ለእናት ነግሮ ለልጅ መደበቅ ምን የሚሉት ነው? ስልክ አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ሁለት ወር እንዲህ ሆንኩ።

በመጨረሻ ራሷ ደወለች። «እናቴ ሣጥኑን ስንሰጣት ‹እንደ ዛራ አይደለም› ትላለች። ምን ነበር የምታደርጊላት?»

«ጆይስ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። ክዳኑ ላይ ያለው ስንጥቅ...»

«የዛራ መብረቅ?» ሳቋ ስልኩን ሞላው። «እናቴ እኮ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ጣቱን ይዛ ታስነካዋለች! ‹መጥታ የነገረችኝ ራሷ ናት› ትላለች።»

መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ከዚያ አስረዳኋት፦ «በግራቸው ተቀመጪ። ጣታቸውን ከውሃው አስጀምሪላቸው። ድልድዩ ላይ ሲሆኑ አታናግሪያቸው። ሰማዩ ላይ ሲደርሱ ግን ‹ተሻገረ?› ብለሽ ጠይቂያቸው።»

አሁን ቀሎኛል። ብቻ አዲስ የገባሁበት ቤት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ዕቃውን ሁሉ በዓይኔ እቆጥርና ተነስቼ መጋረጃውን እስባለሁ። ሰዎቹ ሙቀት የማልወድ ይመስላቸዋል።